የጤና መልእክት እንዴት ይደርሳል? ከናቫሆ ሕዝብ የሚገኝ ትምህርት

በ2020 መጀመሪያ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ በየአገሩ የተሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ «እጃችሁን በውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ፤ ከቤት አትውጡ፤ የታመመ ሰው በተለየ ክፍል ይቀመጥ» የሚል። ምክሩ እውነት ነው፤ ሐኪም ሁሉ የሚስማማበት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከዓለም ባለጸጋ አገሮች አንዷ በሆነችው በአሜሪካ ውስጥ፣ ይህን ምክር ሰምቶ ለመፈጸም የሚቸገር ሕዝብ ነበር። ከየሦስቱ ቤት በአንዱ ገደማ የቧንቧ ውሃ አልነበረም። በብዙ ቤት አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። ከቤት ሳይወጡ ውሃም ሆነ ምግብ ማግኘት አይቻልም ነበር። ይህ ሕዝብ ናቫሆ ይባላል።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ እውነተኛ የሆነ የጤና መልእክት በቁጥር አነስተኛ ወደ ሆነና አገልግሎት ወደ ተጓደለበት ሕዝብ ሳይደርስ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? የሚደርሰውስ በምን መንገድ ነው? ጥያቄው ለሐኪሞችና ለመንግሥት ሹማምንት ብቻ የሚተው አይደለም። ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ከከተማ የተላከው ማስታወቂያ በሩቅ ገጠር በመጨረሻ የሚነበበው፣ የሚተረጐመውና የሚብራራው ብዙ ጊዜ በትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ አፍ ነው። ስለዚህ ከሌላ ሕዝብ መከራ የተገኘውን ትምህርት ማወቅ ይጠቅመናል።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለነገሩ መግቢያ እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መልእክት ወደ ሰው የሚገባባቸው ሦስት በሮች አሉ ማለት እንችላለን። የመጀመሪያው መስማት ነው፤ ሰው በማያውቀው ቋንቋ የተነገረውን አልሰማም። ሁለተኛው ማመን ነው፤ ሰው የማያምነው ሰው የነገረውን ሰምቶ ይተወዋል። ሦስተኛው መቻል ነው፤ ሰው ሰምቶና አምኖ ሳለ አቅም ቢያጣ አይፈጽመውም። ከሦስቱ አንዱ በር ከተዘጋ መልእክቱ ውጭ ይቀራል።

1. ሕዝቡና ምድሩ

ናቫሆዎች በራሳቸው ቋንቋ «ዲኔ» ይባላሉ፤ ትርጉሙም «ሕዝብ» ማለት ነው። ምድራቸው በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች ውስጥ ወደ 70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በዚህ ሰፊ ደረቅ ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ ወደ 170,000 ይጠጋል። የራሳቸው ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት አሏቸው። ወረርሽኙ በገባ ጊዜ በዚህ ሁሉ ምድር የነበሩት ትልልቅ የምግብ መደብሮች 13 ብቻ እንደ ነበሩ በተደጋጋሚ ተነግሯል። ብዙ ቤተ ሰቦች ውሃ የሚያመጡት በርሜል በመኪና ጭነው ከሩቅ ቦታ ነው። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ ከእንግሊዝኛ ይልቅ በናቫሆ ቋንቋ ይረዳሉ።

2. ያለፈው ታሪክ ስለ ምን ይነሣል?

አንድ ሕዝብ የጤና ምክርን ለምን እንደሚጠራጠር ለመረዳት መካሪው ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገበት መጠየቅ ይገባል። በ1864 የአሜሪካ ጦር ናቫሆዎችን ከመሬታቸው ነቅሎ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው እንዲጓዙ አስገደዳቸው፤ ብዙዎች በመንገድና በግዞት ሥፍራ አለቁ። በ1868 በተደረገ ውል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እየተወሰዱ የእናታቸውን ቋንቋ በመናገራቸው ይቀጡ ነበር። በ1942 ግን ያው የተናቀው ቋንቋ ተፈለገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦሩን ምስጢር በናቫሆ ቋንቋ የሚያስተላልፉ 29 ወጣቶች ተመለመሉ፤ ኋላም ቁጥራቸው በዛ።

ከጦርነቱ ጋር የዩራኒየም ቁፋሮ መጣ። ከ1944 እስከ 1986 ድረስ ከናቫሆ ምድር ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የዩራኒየም አፈር ተቈፍሮ ወጣ። ቈፋሪዎቹ በአብዛኛው የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ። ጨረሩ ሳንባን እንደሚጐዳ የሚያውቁ ሰዎች ሳይኖሩ ቀርተው አይደለም፤ ለቈፋሪዎቹ ግን አልተነገራቸውም። በናቫሆ ቋንቋ «ጨረር» ለሚለው ነገር ስም አልነበረውም፤ ስም ፈልጎ የሚያስረዳቸውም አልተገኘም። ብዙዎች በሳንባ ካንሰር ሞቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት ይቅርታ ጠይቆ ካሣ እንዲከፈል በሕግ የወሰነው በ1990 ነበር።

ሌላም ቊስል አለ። በ1976 የወጣ የመንግሥት ምርመራ፣ ለነባር ሕዝቦች የሕክምና አገልግሎት የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ1973 እስከ 1976 በአራት አካባቢዎች ብቻ 3,406 የማምከን ቀዶ ሕክምናዎችን እንደ ፈጸመ፣ የፈቃድ አወሳሰዱም ደንቡን ያልጠበቀ እንደ ነበር ገለጠ። እንዲህ ያለውን ያሳለፈ ሕዝብ፣ ነጭ ካባ የለበሰ ሰው «ለጥቅምህ ነው» ሲለው ቢያመነታ ሊያስደንቀን አይገባም። በእኛ አገር «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለምን? እንዲህ ያለውን ሰው «ያልሠለጠነ» ብሎ መዝለፍ አይጠቅምም። ጥርጣሬው ከድንቊርና ሳይሆን ከትዝታ የመጣ ነውና።

3. የ1993 ዓመት ትምህርት

በ1993 በጸደይ ወራት በዚህ ምድር ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በድንገት ትንፋሽ እያጠራቸው መሞት ጀመሩ። የበሽታው መንስኤ ገና ሳይታወቅ አንዳንድ ጋዜጦች «የናቫሆ ጉንፋን» ብለው ሰየሙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ናቫሆዎች በየከተማው ምግብ ቤት ይሸሹ ጀመር፤ ለጉብኝት የተጋበዙ የትምህርት ቤት ልጆችም እንዳይመጡ ተደረገ። ጋዜጠኞች ደግሞ በየለቅሶው ቤት እየገቡ ስለ ሟቹ ይጠይቁ ነበር፤ በናቫሆ ልማድ ግን ከሞት በኋላ ባሉት አራት ቀናት የሟቹን ስም መጥራት ነውር ነው። ስለዚህ ሰዉ በሩን ዘጋ፤ መርማሪዎቹም የሚያስፈልጋቸውን መረጃ ለማግኘት ተቸገሩ።

በሩ የተከፈተው መጠየቁን ትተው ማዳመጥ በጀመሩ ጊዜ ነው። የናቫሆ ሽማግሌዎችና ባህላዊ ፈዋሾች የተናገሩት ይህ ነበር፤ በረዶና ዝናብ በበዛበት ዓመት የጥድ ዓይነቱ ዛፍ ፍሬ ይበዛል፤ ፍሬው ሲበዛ አይጥ ይበዛል፤ አይጥ ሲበዛ ይህ በሽታ ይመጣል። በ1918 እና በ1933ም እንዲህ ሆኖ እንደ ነበር አስታወሱ። አይጥ ወደ ቤት እንዳይገባ፣ የነካው ልብስም እንዲቃጠል የሚያዝ የቆየ ትምህርትም ነበራቸው። ሳይንቲስቶቹ በበኩላቸው በላቦራቶሪ ሲመረምሩ ሃንታቫይረስ የሚባል ተሐዋሲ አገኙ፤ ተሸካሚውም የዱር አይጥ ሆኖ ተገኘ። የሽማግሌዎቹ ቃልና የላቦራቶሪው ውጤት ተገናኙ።

ስሙም ጉዳይ ሆነ። ተሐዋሲውን በተገኘበት ሥፍራ ስም ለመጥራት ታስቦ ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብ ግን ስማችን ከሞት ጋር አይቈራኝ ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻ በስፓንኛ «ሲን ኖምብሬ» ተባለ፤ «ስም የለሽ» ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በሽታን በሕዝብ ስም መጥራት ሕዝቡን ማቊሰል ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም ማሰናከል እንደሆነ ነው።

4. የ2020 መከራ

በማርች 2020 መጀመሪያ ቺልቺንቤቶ በምትባል ትንሽ መንደር ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች የተገኙበት የጸሎት ስብሰባ ተደረገ። ሰዎቹ የመጡት በቅንነት ነበር፤ ሆኖም በሽታው ከዚያ ተነሥቶ ወደየመንደሩ ተዛመተ። በማርች 17 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በምርመራ ተረጋገጡ። በሜይ ወር የናቫሆ ምድር ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በበሽታው በመያዝ ከኒው ዮርክ ግዛት በለጠ። ብዙ ጊዜ ጦርነትና ረኃብ ወዳለበት አገር የሚሄደው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትም ቡድን ላከ። የአሜሪካ መንግሥት በማርች ለነባር ሕዝቦች 8 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ ገንዘቡ መከፈል የጀመረው ግን በሜይ ነው። በወረርሽኙ ዘመን ሁሉ ከ2,000 የሚበልጡ ናቫሆዎች ሞተዋል። በመላዋ አሜሪካ የነባር ሕዝቦች አማካይ የዕድሜ ጣሪያ በ2019 ከነበረበት 71.8 ዓመት በ2021 ወደ 65.2 ዓመት ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ 6.6 ዓመት ጠፋ ማለት ነው።

ከነዚህ ሙታን ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቋንቋውን፣ ዜማውንና የዘር ሐረጉን የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ አንድ ሽማግሌ ሲሞት ሌላ ምስክር የሌለው እውቀት አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ሕዝቡ በዚያ ወቅት ያደረገውን ትግል እያንዳንዱን በር እየለየን እንመልከት።

5. የመጀመሪያው በር፤ መስማት

የመጀመሪያው ሥራ ለበሽታው ስም ማግኘት ነበር። «ኮቪድ» የሚለው ቃል ለአንዲት የናቫሆ ባልቴት ምንም አይነግራትም። ናቫሆዎች በቋንቋቸው «ዲኮስ ንትሳኢጊ» አሉት፤ «ታላቁ ሳል» ማለት ነው። ይህ ስም በሽታው ምን እንደሚያደርግ፣ በምንም በኩል እንደሚተላለፍ በሁለት ቃል ያስተምራል።

የእኛም አገር ሰው እንዲሁ ነበር። በ1918 ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ በጠናበት ወር ስም «የኅዳር በሽታ» አለው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ። ጢሱ ተሐዋሲን ያጠፋል አንልም፤ ነገር ግን ደጅን የማጽዳት ትእዛዝ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይረሳ የቆየው በሕዝቡ ቋንቋ፣ በሕዝቡ ቀን መቊጠሪያና በሕዝቡ ሥርዐት ስለ ተነገረ ነው። የግድግዳ ማስታወቂያ ይህን ያህል አይቆይም።

ሁለተኛው ሥራ መልእክቱ የሚያልፍበትን መንገድ መምረጥ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ምድር ሬዲዮ ያስፈልጋል። ከ1986 ጀምሮ ከዊንዶው ሮክ ከተማ የሚሰራጨው ኬቲኤንኤን የተባለው ጣቢያ በናቫሆ ቋንቋ ጭምር ስለሚያስተላልፍ፣ በግ ጠባቂውም መኪና ነጂውም ይሰማው ነበር። የሕዝቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆናታን ኔዝም በየጊዜው እየቀረቡ ስለ በሽታው ይናገሩ ነበር። በቅዳሜና በእሑድ ለ57 ሰዓት ከቤት መውጣት የሚከለክል ዐዋጅ ሲታወጅ ምክንያቱ በሕዝቡ ቋንቋ ይብራራ ነበር።

ሦስተኛውና ረቂቁ ሥራ የአነጋገርን ጠባይ ማወቅ ነው። በ1995 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት እንዳሳየው፣ በናቫሆ እምነት ቃል ነገርን ይፈጥራል፤ «እንዲህ ካላደረግህ ትሞታለህ» ብሎ ለሰው መናገር ሞትን እንደ መጥራት ይቈጠራል። «ሆዝሆ» የሚሉት ሰላምና ውበት የሞላበት ኑሮ የሚጠበቀው መልካም በማሰብና መልካም በመናገር ነው። ይህን የማያውቅ የጤና ሠራተኛ ሕዝቡን ለማዳን ብሎ በሞት ቢያስፈራራ፣ አድማጩ «ይህ ሰው ክፉ ተመኘብኝ» ብሎ ይርቀዋል። እኛም ለዚህ ሩቅ አይደለንም። «አታሟርትብኝ» እንላለን፤ መርዶ እንኳ ሥርዐት አለው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ይነገራል እንጂ በመንገድ ላይ አይወረወርም። ስለዚህ «ካልታጠባችሁ ትሞታላችሁ» ከማለት «እጁን የታጠበ ቤተ ሰቡን ጠበቀ» ማለት ይሻላል። እውነቱ አልተሸሸገም፤ በሚሰማበት መልክ ቀረበ እንጂ።

6. ሁለተኛው በር፤ ማመን

ሰው መልእክቱን ከመመዘኑ በፊት መልእክተኛውን ይመዝናል። ናቫሆዎች ከ1968 ጀምሮ «የማኅበረሰብ ጤና ተወካዮች» የሚባሉ ሠራተኞች አሏቸው። እነዚህ ከሕዝቡ መካከል የተገኙ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ የየቤቱን ደጅ የሚያውቁ ናቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ ከሩቅ ከተማ የመጣ እንግዳ በሩን ቢያንኳኳ አይከፈትለት ይሆናል፤ ለአሥር ዓመት የደም ግፊት መድኀኒት ስታመጣ ለኖረች ሴት ግን ይከፈታል። እምነት በወረርሽኝ ቀን አይሠራም፤ በደኅና ቀን ተሠርቶ በወረርሽኝ ቀን ይገኛል።

የመልእክቱ ምክንያትም ከሕዝቡ ልብ መነሣት አለበት። በብዙ አገር «ራስህን ጠብቅ» ይባል ነበር። ለናቫሆዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው «ኬ» የሚሉት የዝምድና ማሰሪያ ነው፤ ሰው የሚታወቀው በወገኑ ነው። ስለዚህ «አያቶቻችንን እንጠብቅ፤ ቋንቋችንን እንጠብቅ» ተባለ። ፕሬዚዳንቱም ከጥንቱ ትረካቸው ጭራቆችን ድል ያደረጉትን መንትያ ጀግኖች እያስታወሱ፣ ወረርሽኙን የዘመኑ ጭራቅ፣ የአፍ መሸፈኛውንና ክትባቱን ደግሞ የጦር ዕቃ አድርገው አቀረቡ።

ይህ አካሄድ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በሲያትል ከተማ የሚገኝ የነባር ሕዝቦች የጤና ተቋም ከ46 ግዛቶች 1,435 ሰዎችን ጠይቆ በጃንዋሪ 2021 ውጤቱን አወጣ። ክትባቱን ለመውሰድ ፈቃደኛ የሆኑት 75 ከመቶ ነበሩ። 74 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ መከተብ ለማኅበረሰባቸው ያለባቸው ኀላፊነት እንደሆነ ተናግረዋል። በኦክላሆማ ያሉት ቼሮኪዎችም ክትባቱ እንደ መጣ ቋንቋቸውን አጥርተው የሚናገሩ ሰዎች ቀድመው እንዲከተቡ አደረጉ። ይህ ውሳኔ ራሱ ስብከት ነው፤ ማንን ከሁሉ አስቀድመው እንደሚወዱ ያለ ቃል ተናገረ።

በናቫሆ ምድር ክትባቱ በዲሴምበር 2020 ተጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ የተከታቢዎች ቊጥር ከአገሪቱ አማካይ ቀደመ። በማርች 22 ቀን 2021 በአንድ ሙሉ ቀን ውስጥ አዲስ በሽተኛም ሟችም እንዳልተመዘገበ ተነገረ። በመጠራጠር ይታማ የነበረ ሕዝብ ከሌሎች ቀደመ። ይህም ጥርጣሬ የማይለወጥ ጠባይ እንዳልሆነና የሚገባውን መልስ ሲያገኝ እንደሚለዝብ ያሳያል።

7. ሦስተኛው በር፤ መቻል

እስካሁን ስለ ቃል ተናገርን። ሆኖም ቃል ብቻ ውሃ አይሆንም። እጅ መታጠብን ያስተማሩት ሁሉ የውሃ መታጠቢያ ዕቃዎችን ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ተረዱ። ሕሙማንን «ለብቻ ይቀመጡ» ያሉትም ለብቻ የሚቀመጡበትን ማደሪያ መፈለግ ነበረባቸው። «ከቤት አትውጡ» የተባሉ ሽማግሌዎች ምግብና ማገዶ በደጃቸው ሲወርድላቸው ትእዛዙን ፈጸሙ። ምክር ከነመፈጸሚያው ሲመጣ ፍቅር ይሆናል፤ ያለ መፈጸሚያ ሲመጣ ግን ወቀሳ ይሆናል። ችግረኛው ባልቻለው ነገር ጥፋተኛ ተብሎ ይቀራልና።

ይህ ጉዳይ ዛሬም አልተፈታም። ናቫሆዎች የ1868ቱ ውል የውሃ መብታቸውን እንደሚያስከብርላቸው በመጥቀስ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ። በጁን 2023 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ውሉ መንግሥት ውሃ እንዲያቀርብላቸው እርምጃ እንዲወስድ አያስገድደውም ብሎ ፈረደ። ስለዚህ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው ምክር ውሃ ወደሌለበት ቤት እንደገና ሊላክ ይችላል። የጤና ትምህርት ፍትሕን አይተካም።

8. ለእኛ ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ከ80 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በብዙ ቁምስና የሥርዐቱ ቋንቋ አንድ፣ የገበያው ሌላ፣ የእናትየዋ ደግሞ ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የናቫሆ ተወካዮችን ይመስላሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ሥራ እነርሱን መተካት ሳይሆን ቃላቸውን ማስተላለፍ ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ይሏል።

ሀ) ማስታወቂያው ሲደርስህ ከማንበብህ በፊት ከጤና ሠራተኛዋ ጋር ቊጭ ብለህ ተረዳው። ያልገባህን አታስረዳ። ከራስህ አትጨምር፤ የሰማኸውን ወሬም ከእርሱ ጋር አትቀላቅል።

ለ) በአካባቢው ቋንቋ ስትተረጕም ብቻህን አትተርጕም። አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት ይስሙት፤ የሚያሳፍር ወይም የሚያሟርት ቃል ካለበት እነርሱ ያርሙሃል።

ሐ) በሽታውን በጐሣ፣ በሃይማኖት ወይም በመንደር ስም የሚጠራ ሰው ሲኖር በትሕትና ግን በግልጽ አርመው። ስም የወጣለት ሰው ሕመሙን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ሕመምም ይዛመታል።

መ) ለሰሚው የሚቻለውን ንገር። ለምሳሌ «የታመመ ሰው በተለየ ክፍል ይቀመጥ» የሚለውን አንድ ክፍል ብቻ ላለው ቤት እንዲህ ማለት ይቻላል፤ «የታመመውን ነፋስ በሚያገኘው ወገን፣ በበሩ ወይም በመስኮቱ አጠገብ አስተኙት፤ የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እርሱም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ የሕመምተኛው ሳሕንና ኩባያ ይለይ፤ በሩ በቀን ይከፈት።» የቧንቧ ውሃ ለሌለውም በገመድ ተንጠልጥሎ በእግር እየተረገጠ የሚያዘነብል የተበሳ ጀሪካን በጥቂት ውሃ ብዙ እጅ ያስታጥባል።

ሠ) ከተናገርህ በኋላ «ገባችሁ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም «አዎን» ይልሃልና። ይልቁን «እማማ፣ ይህን ነገር ዛሬ ማታ ለልጆችዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» ብለህ ጠይቅ። በመልሳቸው ውስጥ የተሳተውን ታገኘዋለህ።

ረ) የተቃወመህን ሰው አድምጠው። ክትባትን የሚፈራ ሰው ከዚህ በፊት ምን ደርሶበት እንደሆነ ጠይቀው። የምትመልስለት ከሌለህ የሰማኸውን ለጤና ሠራተኛዋ አድርስ፤ መልእክት ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም መሄድ አለበትና።

ሰ) ለቅሶንና ስብሰባን የሚመለከት ክልከላ ሲመጣ ከዕድር ዳኞችና ከሽማግሌዎች ጋር አስቀድመህ ተመካከር። በቺልቺንቤቶ የሆነውን አንርሳ። መሰብሰብ መልካም ነው፤ ወንድምን ለመጠበቅ ለጊዜው አለመሰብሰብም መልካም ነው። ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ግን ሌላ የማጽናኛ መንገድ አብሮ መነገር አለበት።

የናቫሆ ሕዝብ ታሪክ የሚያስተምረን፣ በቊጥር ያነሰ ሕዝብ የመልእክት ተቀባይ ብቻ እንዳልሆነ ነው። በ1993 የአይጡን ነገር የተናገሩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በ2020 ለበሽታው የሚያስተምር ስም ያወጡት የቋንቋው ባለቤቶች ነበሩ። በየመንደራችንም እንዲህ ያሉ ዐዋቂዎች አሉ። ማስታወቂያውን ይዘን ስንሄድ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ደጅ እንሂድ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ውስጥ በአማርኛ የተነገረውን የጤና ማስታወቂያ የማይረዱ ሰዎች እነማን ናቸው? የሚያምኑት ሰውስ ማን ነው?

2. በኮቪድ-19 ዘመን ከተሰጡት ምክሮች መካከል በአካባቢያችን ሊፈጸሙ ያልቻሉት የትኞቹ ናቸው? የሚቻል ሆኖ እንዲቀርብ ምን መለወጥ ነበረበት?

3. በሽታን የአንድ ወገን ነውር አድርጎ የመጥራት ልማድ በእኛ ዘንድ አለን? ምን ጉዳት አደረሰ?

4. መስማት፣ ማመንና መቻል ከተባሉት ሦስት በሮች በመንደራችን ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የትኛው ነው? ለመክፈትስ ወረርሽኝ ሳይመጣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ማድረግ ይቻላል?